ሰው አልሞተም

ያንን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» የሚለውን። ማንም አላስገደደኝም። ውሸትም አልነበረም፤ እውነት ነበር። ግን እውነት ሆኖ የሚያሳፍር ነገር አለ። ይሄ ጽሑፍ ስለሱ ነው።

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሃይሊ ጉቢ በኤርታሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለ፣ ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ብዙዎቻችን እስከዚያ ቀን ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ተራራ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ መንጫረር ጀመረ። ያኔ በትርፍ ሰዓቴ ለአንድ የዜና ገጽ እጽፍ ስለነበር፣ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ የተገኘውን ሁሉ መልቀም ያዝኩ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ወጥቷል፤ ማለትም የመንገደኛ አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ በላይ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ኦማን ነጉዷል። በማግስቱ ሰኞ ማታ ደግሞ ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ፤ የሕንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ።

ሰኞ ማታ ዜናዬን አሟልቼ ለጠፍኩት። ከፍታው አለ፣ አገሮቹ አሉ፣ የተሰረዘው በረራ አለ፣ ተራራው ባለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ መፈንዳቱ ተመዝግቦ እንደማያውቅም አለ። መጨረሻ ላይ ያቺ ዐረፍተ ነገር። ሰዉ ከሥር «ተመስገን» እያለ ጻፈ። እኔም ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። ማስታወሻዬ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ነበረኝ። የአካባቢው አስተዳዳሪ ለጋዜጠኞች የሰጡት ቃል ነው፦ ሰውም እንስሳም እስካሁን አልሞተም፣ ነገር ግን ብዙ መንደሮች በአመድ ተሸፍነዋል፣ እንስሳቱ የሚበሉት አጥተዋል። ይሄን አንብቤዋለሁ። ኮፒ አድርጌ ይዤዋለሁ። ከዜናው ግን አወጣሁት። ረዘመብኝ።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ አጎቴ እኛ ቤት መጡ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፣ ከአፍዴራ ጨው ይጭናሉ። የምንበላው ጨው ትልቅ ድርሻ የሚመጣው ከዚያ ሐይቅ ዳር ነው፤ ወጥ በቀመስን ቁጥር አፋርን እየቀመስን ነው ማለት ይቻላል። እራት ላይ ነበርን።

«የጻፍከውን እህትህ አስነበበችኝ» አሉኝ።

«እንዴት አገኙት ጋሼ?»

«ደህና ነው። የተማረ ሰው ጽሑፍ ነው።» እንጀራውን ቆርሰው ትንሽ ዝም አሉ። «ሰው አልሞተም አልክ።»

«አዎ፤ አልሞተማ።»

«አልሞተም። እሱስ ልክ ነህ።»

አነጋገራቸው አልተመቸኝም። ጋሼ «ልክ ነህ» ሲሉ ሰው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያጎድላል። ከዚያ ቀስ ብለው ያዩትን ነገሩኝ።

ከፍንዳታው በኋላ በዚያ መንገድ አልፈዋል። «አመድ ብለህ የምድጃ አመድ እንዳይመስልህ። የምድጃው እፍ ስትለው ይሄዳል። ይሄ እንደ ሲሚንቶ ነው። የፊት መስታወቱን በመጥረጊያው ልጥረገው ብዬ ጫረው። የአየር ፊልትሮውን በአንድ ጉዞ ሁለቴ አራገፍኩ።» ከመንገዱ ዳር፣ ለዓመታት የፍየል ወተት የሚገዟቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ አሉ። ጋሼ ሲደርሱ ሰውዬው ግራር ሥር ቆመው ቅርንጫፉን በዱላ ይመታሉ። አመዱ እንዲራገፍ ነው። ፍየሎቹ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ሲመቱት ይበናል፣ ሲበን ሽማግሌውን ያስላቸዋል፤ ትንሽ ይቆዩና ወደ ሌላው ቅርንጫፍ ያልፋሉ።

«ስንቱን ግራር ሊመቱ ነው?» አሉ ጋሼ፤ እኔን አልነበረም የጠየቁት።

ጋሼ የመኪናቸውን ሞተር ሳያጠፉ በመስኮት «ደህና ናችሁ? ሰው ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም። በእጃቸው መሬቱን አሳዩዋቸው፤ ውረድና ቁጭ በል ማለት ነው። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ወርደው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወሬው ተጀመረ፦ አመዱ የቱ ጋ ሳሳ፣ የቱ ጋ ወፈረ፣ የትኛው ውኃ ከብት አይጠጣውም፣ ማን ወደየት ተነሣ፣ የማን ግመል ወደየት ሄደች። ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ አላለቀም።

«አንተ» አሉኝ ጋሼ፣ «በስድስት መስመር ጨረስከው።»

*

እስቲ መጀመሪያ አመዱ ምን እንደሆነ እንግባባ፤ ምክንያቱም ግማሹ ስሕተት ከስሙ ይጀምራል። የእሳተ ገሞራ አመድ የተቃጠለ ነገር ትራፊ አይደለም። የተሰባበረ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። ቀልጦ ያለው ድንጋይ በውስጡ ጋዝ አምቆ ይይዛል፤ ልክ የተናጠ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ሲቀልለት ጋዙ በኃይል ይወጣና ድንጋዩን ይበታትነዋል። ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰው ብናኝ ነው አመድ የሚባለው። ውኃ አያሟሟውም። ብረት ይጭራል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይከብዳል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አመድ ቢቆለል ከ50 እስከ 130 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ዝናብ ከመታው ወደ 200 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ይሄ እንግዲህ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ተደራርቦ እንደመቆም ነው።

ለሚግጥ እንስሳ ጉዳዩ ሌላ ነው። አመዱ የሚወርደው ከሚበላው ላይ ነው። ጥርስ ይሞርዳል፣ ሆድ ውስጥ ይከማቻል። አንዳንዱ አመድ ላይ ደግሞ ፍሎራይን የሚባለው ንጥረ ነገር ተለጥፎ ይመጣል፤ ያ ሲበዛ መርዝ ነው። የትኛው አመድ ብዙ እንዳለው፣ የትኛው ትንሽ እንዳለው፣ በዓይን አይታወቅም። ናሙና ወስዶ መመርመር ይጠይቃል።

ታዲያ ዜናዬ ውስጥ 14 ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር ነበር። ወደ ላይ ስንት እንደወጣ። ወደ ታች ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ የሚል ቁጥር አልነበረም። እኔም ለመጠየቅ አላሰብኩም። ለምን አላሰብኩም? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. የብሪቲሽ ኤርዌይስ ንብረት የሆነ አንድ ቦይንግ 747 አውሮፕላን 263 ሰው ይዞ ከኳላ ላምፑር ወደ አውስትራሊያ እየበረረ ነበር። ሌሊት ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ጋሉንጉንግ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር፤ አብራሪዎቹ ግን አመዱ መንገዳቸው ላይ እንዳለ አያውቁም። ራዳር የሚያየው እርጥበትን ነው፤ ደረቅ አመድ አያይም። አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። ብርጭቆው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ቀልጦ ተለጥፎ ነበር። አውሮፕላኑ ያለ ሞተር እየተንሳፈፈ ወረደ፤ ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ ተነሡ፣ ጃካርታ አረፈ። የፊት መስታወቱ ከመሞረዱ የተነሣ አብራሪዎቹ በደንብ ማየት አይችሉም ነበር። የጋሼ መስታወት ላይ የሆነው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ከፍታው ብቻ።

ስንት ሰው ሞተ? ማንም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ አላስካ ላይ የኬኤልኤም አውሮፕላን በሪዳውት ተራራ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮች ጠፉበት። እሱም ተርፎ አረፈ። ስንት ሰው ሞተ? አሁንም ማንም።

ታዲያ ዓለም ምን አለ? «በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ብሎ ተኛ? አልተኛም። በ1990ዎቹ የመላውን ዓለም ሰማይ የሚከፋፈሉ የአመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከላት ተቋቋሙ፤ ዛሬ 9 ናቸው። ሃይሊ ጉቢ በፈነዳ ዕለት አመዱ የት እንደደረሰ እየተከታተለ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ያለው ማዕከል ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ሳይሆን፣ ሊሞት ይችል እንደነበር በመታየቱ ብቻ የተሠራ ሥርዓት ነው።

ይሄን ስል ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም። ደግ ነገር ነው፤ እኔም አውሮፕላን እሳፈራለሁ። ግን አንድ ነገር ያሳያል። «ሰው አልሞተም» የሚለው ቃል ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ሆኖ አያውቅም። አንዳንድ ቦታ ላይ «ሰው አልሞተም» የሚለው «ለጥቂት ተረፉ፣ እንግዲህ እንንቃ» ማለት ነው። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ «አለቀ፣ ወደ ሌላ ዜና እንለፍ» ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው። የሚለያየው ከቃሉ ሥር ያለው ሰው ነው።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ኤርትራ ላይ ናብሮ ሲፈነዳ የሆነውን አስታውሳለሁ። አዲስ አበባ የነበሩት የያኔዋ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ። የውጭ ዜናው ርእስ እሱ ነበር። ከተራራው ሥር ኤርትራ ውስጥ ሰዎች ሞተው ነበር። እኔ ግን ከዚያ ፍንዳታ እስከ ዛሬ የማስታውሰው አውሮፕላኑን ነው። ያነበብኩት እሱን ነዋ።

*

እንግዲህ ሊሉኝ የሚችሉትን ልበል፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁና።

አንደኛ፦ «ነፍስ ይቀድማል። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰው ተርፏል ወይ ነው። ይሄ ምን ስሕተት አለው?» ምንም የለውም። እናቴ የመኪና አደጋ ሰምታ ብትደውልልኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ መኪናው አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ እናቴ «ተርፌያለሁ» ስላት ስልኩን አትዘጋም። ያኔ ነው ወሬው የሚጀምረው። የት ጋ ነህ፣ እግርህ ይንቀሳቀሳል፣ ማን አብሮህ አለ፣ በልተሃል? ነፍስ ይቀድማል ማለት ሌላው ይከተላል ማለት ነው እንጂ ሌላው የለም ማለት አይደለም። የእኔ ጥፋት ነፍስን ማስቀደሜ አይደለም። ከነፍስ ቀጥሎ አራት ነጥብ ማስቀመጤ ነው።

ሁለተኛ፦ «እሳተ ገሞራ ጥፋተኛ የለውም። ማንም አላፈነዳውም። ታዲያ ሞራል ምን ቤት ነው?» ይሄ ከባዱ ነው። እውነት ነው፣ ሃይሊ ጉቢን ማንም አይከስም። ድንጋይ አሳብ የለውም። ግን ፍንዳታው የድንጋይ ሥራ ቢሆንም ቆጠራው የእኛ ሥራ ነው። የትኛው ጉዳት ቁጥር እንደሚያገኝ፣ የትኛው «ሌላ» ተብሎ እንደሚቀር የሚወስነው ተራራው አይደለም። ያን ማታ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ጥፋት ሊኖርበት ይችላል።

ሦስተኛ፦ «ሁሉን ነገር መቁጠር አይቻልም። ፍየል ስንት ግራም ሳር እንደቀረባት እየጻፍን ልንኖር ነው?» አይቻልም፤ ልክ ነው። የሰው ትኩረት ልክ አለው፤ የእኔ ደግሞ ከብዙዎቹ ያጠረ ነው። ግን አለመቁጠርና መዝጋት ይለያያሉ። «ግጦሹ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ሃይሊ ጉቢ ባለፉት 12,000 ዓመታት መፈንዳቱ አልተመዘገበም ሲባል ሳይንቲስቶቹ ወዲያው ያከሉት ነገር አለ፦ አካባቢው ብዙ ያልተጠና ስለሆነ፣ አልተመዘገበም ማለት አልሆነም ማለት ላይሆን ይችላል። ለተራራው ይሄን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት ለመንደሩ ለምን አይደረግም? ያልተመዘገበ ጉዳት ያልደረሰ ጉዳት አይደለም።

*

ይሄን ነገር ሳብላላ የደረስኩበት ልዩነት አንድ ነው፦ ቀን ያለው ጉዳትና ቀን የሌለው ጉዳት።

ቀን ያለው ጉዳት ሰዓትና ቦታ አለው። ጣራ ወደቀ፣ ሰው ሞተ፣ ሞተር ጠፋ። ዜና ይህንን ይወዳል። ቀን የሌለው ጉዳት ግን ተራ በተራ ነው የሚመጣው። ፍየሏ ትከሳለች፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ ልጁ ያነሰ ይጠጣል፣ ሰውዬው እንስሳውን ጊዜው ሳይደርስ በርካሽ ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው የለውም። በየትኛው ቀን ነው ይሄ ሰው የተጎዳው? መልስ የለውም። ቀን ስለሌለው ግን ጉዳቱ አልቀለለም።

ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ምሳሌ አይስላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1783 ላኪ የሚባል ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ እሳት መትፋት ጀመረ፤ ስምንት ወር ቆየ። ጋዙና አመዱ ሳሩ ላይ ፍሎራይን አራገፈ። ከአገሩ በጎች 80 በመቶ ያህሉ፣ ከከብቱና ከፈረሱ ደግሞ ግማሽ ያህሉ አለቀ። ከዚያ ረኃብ መጣ። ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ገደማ ሞተ። ፍንዳታው በጀመረ ማግስት አንድ እንደኔ ያለ ጸሐፊ እዚያ ቢኖር ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር? «በሰው ሕይወት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» በዚያ ቀን እውነት ይሆንለት ነበር።

ሃይሊ ጉቢ ላኪ ነው እያልኩ አይደለም። አይደለም፤ ላኪ እጅግ ግዙፍ ነበር፣ የለቀቀው ጋዝም ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። እያልኩ ያለሁት በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን በሟች ቁጥር መለየት እንደማይቻል ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ሳይንቲስቶቹ ቀድመው አስጠንቅቀው ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከተራራው ሥር ተነሥቷል። እስከ ዛሬ እንደ ትልቅ ስኬት ይነገራል፤ ነውም፣ ብዙ ሺህ ሰው ተርፏል። ፍንዳታው ከባድ በሆነበት ዕለት ግን አውሎ ነፋስ ያዘለ ዝናብ አብሮ መጣ። አመዱ ረጠበ፣ ከበደ፣ ጣራ ተደረመሰ። በዕለቱ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደላቸው እሳት ሳይሆን የገዛ ጣራቸው ነው። ከዚያ ደግሞ የተረፉት መጠለያ ገቡ። ከእነሱ መካከል አኤታ የሚባሉት የተራራው ነዋሪዎች ነበሩ። በመጠለያው ኩፍኝ፣ የሳንባ በሽታና ተቅማጥ ገባ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት።

ድንኳን ውስጥ በኩፍኝ የሞተን ልጅ እሳተ ገሞራ ነው የገደለው? በሐኪም ወረቀት ላይ አይደለም። እናቱን ብትጠይቋት ግን ምን የምትላችሁ ይመስላችኋል?

*

አማርኛችን ራሱ ይሄን ነገር ያውቀው ነበር። «በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት የለም» ስንል «ሕይወት» የሚለውን እስትንፋስ ብቻ አድርገነዋል። በተራው ወሬያችን ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው «ሕይወቴ ተበላሸ» ሲል እየተነፈሰ ነው። «ምን ሕይወት አለ» የሚል ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። እስትንፋስና ኑሮ አብረው ነው በዚያ ቃል ውስጥ ያሉት። የገጠር ሰላምታችንንም አስቡት። ሰውየው ደህና መሆኑ ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል፤ ግን ይጠየቃል፤ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ክረምቱ እንዴት ነው ይባላል። እኛ የከተማ ልጆች በዚህ ስንስቅ ነው ያደግነው። «አያልቅም እኮ ሰላምታቸው» እንላለን። አሁን ሳስበው ሰላምታ አልነበረም። ጉዳት ቆጠራ ነበር።

አፋሮች ደግሞ ይሄንኑ ወደ ሥርዓት አሳድገውታል። ዳጉ ይሉታል። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ውኃው እንዴት ነው፣ እንስሳት ምን ሆኑ፣ እንግዳ ማን አለፈ፣ ሰላም አለ ወይ። ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው፤ በአንድ ሰው ወሬ ላይ ተመሥርቶ ሌላው መንጋውን ይነዳልና። የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው የማስተላለፍ ግዴታ አለበት።

የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ዳጉ ከዜና የሚለየው በርዝመቱ አይደለም። በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የእኔ ዜና የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ነው። ዳጉ የሚጠይቀው «ከዚህ በኋላ እንዴት ይኖራል?» ነው። ለመጀመሪያው «ሰው አልሞተም» ሙሉ መልስ ነው። ለሁለተኛው ገና መግቢያ ነው።

እዚህ ጋ ራሴንም ልያዝ። ይሄን ሁሉ ስጽፍ ከዚያ አመድ ላይ ለራሴ ምስጋና እየለቀምኩ ሊሆን ይችላል። «እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ጸሐፊ ነው» እንድትሉኝ። ሽማግሌው እኔን አያውቁኝም፤ የእኔ ጸጸት ለአንዲት ፍየላቸው አንድ ቅጠል አያራግፍላትም። ሰውዬው ደግሞ የሚታዘንላቸው ምስኪን ብቻ አይደሉም፤ የቱ ውኃ እንደማይጠጣ፣ የቱ ጋ አመዱ እንደሳሳ ከእኔና ከሳተላይቱ ይልቅ ያውቃሉ። የጎደላቸው እውቀት አልነበረም። የጎደላቸው ጠያቂ ነው። አማርኛው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል፤ ደግ ሠርቶ ምስጋና ያጣ ሰው የሚለው ነው። ጨው የሚያቀብለን ምድር ሰው እጁ እውነተኛ አመድ ሲያፍስ እኔ የተሰረዘ በረራ እቆጥር ነበር።

ስለዚህ ምን አለብኝ? ብዙ አስቤበታለሁ። ለዓለም ሁሉ ማልቀስ አይጠበቅብኝም፤ ብሞክርም ውሸት ይሆናል። የሚጠበቅብኝ ከዚያ ያነሰና የከበደ ነገር ይመስለኛል፦ የማላውቀውን ነገር እንዳለቀ አድርጌ አለመናገር። ያቺን ዐረፍተ ነገር ዛሬ ብጽፋት እንዲህ እላለሁ፦ «እስካሁን የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ብዙ መንደሮች በአመድ ተሸፍነዋል፤ እንስሳት የሚበሉት አጥተዋል። ግጦሹና ውኃው ላይ ምን እንደወረደ ገና አልታወቀም።» ሦስት መስመር ናት። ያን ማታ ረዘመብኝ ብዬ ያወጣኋት ይህችን ነው።

«ዐረፍተ ነገር ፍየል አያበላም» የሚል ይኖራል። አያበላም። ግን ናሙና ይዞ የሚሄደው ሰው፣ መኖ የሚጭነው መኪና፣ በጀት የሚፈርመው ኃላፊ፣ ሁሉም የሚነሣው አንድ ሰው «አላለቀም» ሲል ነው። «አለቀ» ከተባለ ማንም አይነሣም።

*

ባለፈው ለጋሼ ደወልኩላቸው። አፍዴራ ደርሰው እየተመለሱ ነበር፤ ሎጊያ ላይ ምሳ ሊበሉ ቆመዋል። ከጀርባቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እነዚያ ሽማግሌ እንዴት ናቸው?»

«ማን? ወተት የሚሸጡልኝ? ደህና ናቸው። ሰው ደህና ነው።»

ድሮ ቢሆን «ተመስገን» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ እሄድ ነበር። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ሳቅ ሳቅ አለው።

«ቆመህ ነው ቁጭ ብለህ?» አሉኝ።

ቆሜ ነበር። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

«ቁጭ ብያለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ስማ» አሉ፤ ከውኃው ጀመሩ።